ለሽልማት የታጨው ቤት ባለቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሕንፃ ሂስ ጽፌ ነበር። ሂሱ በአድናቆት የተሞላ ነበር። ከጽሑፉ ውስጥ ራሴ አብልጬ የወደድኩት «የጣራው ጠርዝ፣ አንዳች ነገር ሳይንጠለጠልበት፣ ሰማዩን ከግድግዳው ይለያል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያ ዓረፍተ ነገር ሐሰት መሆኑን ለመናገር ነው። ስህተቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አርሜው ዝም ባልኩ። ነገር ግን ሕንፃ የሚሸልሙ ዳኞች፣ ሕንፃ የሚያነሱ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ስለ ሕንፃ የምንጽፍ ሐያስያን በኅብረት የምንሳሳተው ስህተት ነው። ዋጋውን የምንከፍለው ግን እኛ አይደለንም። የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያንን ሂስ ስጽፍ ቤቱን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። በእጄ የነበሩት አሥራ ሁለት ፎቶግራፎችና አንድ የወለል ፕላን ናቸው። ፎቶግራፎቹ የተነሱት ቤቱ በውጭ አገር ለሚካሄድ አንድ የሥነ ሕንፃ ውድድር ሲቀርብ ነው። እኔ ወደ ቤቱ የሄድኩት ጽሑፉ ከታተመ ከአምስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ፣ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያች ከተማ መንገድ ሲወጣልኝ ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ለሐያሲ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

ቤቱ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ የሚገኝ፣ ዘጠኝ ክፍል ያለው ገስት ሐውስ ነው። የሚያስተዳድሩት ባልና ሚስት ናቸው። አባወራው ለሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ ወይዘሮዋ ደግሞ ብዙ ዘመን በነርስነት ያገለገሉ ናቸው። ጥሪታቸውን አሟጠው፣ ከባንክም ተበድረው ነው የሠሩት። ንድፉን ያወጣላቸው ወጣት አርክቴክት ነው፤ ችሎታውን ያኔም ዛሬም አልጠራጠርም። የአካባቢውን ጥቁር ድንጋይ ከቀርከሃ ኮርኒስ ጋር አዛምዷል። የሁሉንም ክፍሎች ፊት ወደ ሐይቁ አዙሮ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስኮት ሰጥቷቸዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ታንኳ ሲያልፍ ማየት ይቻላል። ይህን ያሰበ ሰው ክብር ይገባዋል።

ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት አርክቴክቱ ለውድድር ላቅርበው ብሎ ፈቃድ ጠየቃቸው። «የልጁ ስም ይጠራል፣ ለእኛም ገበያ ያመጣል ብለን ደስ ብሎን ፈረምን» አሉኝ መምህሩ። የመመዝገቢያውን ክፍያ የቻለው አርክቴክቱ ነው። ለባለቤቶቹ የተነገራቸው ፎቶግራፍ አንሺ እንደሚመጣና ለአራት ቀን እንግዳ እንዳይቀበሉ ብቻ ነበር።

ፎቶግራፍ አንሺው መጣ። በመጀመሪያው ቀን አጎበሮቹ ከየአልጋው ወረዱ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ወንበሮቹ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ፣ ውሃ ሲጠፋ እንዲያገለግሉ በየመታጠቢያ ቤቱ የተቀመጡት ሰማያዊ ጀሪካኖች፣ በእንግዳ መቀበያው የተሰቀለችው የማርያም ሥዕል፣ የዘበኛው የቆርቆሮ ጎጆ ሳይቀር ተነሱ። በሦስተኛው ቀን አናጢ ተጠርቶ፣ መሰላል ተደግፎ፣ ከጣራው ጠርዝ ላይ አሸንዳው ተነቀለ። የቡሎኖቹ ቀዳዳ በስቱኮ ተደፈነ። ወሩ ጥር ስለነበር ዝናብ የለም፤ በፎቶግራፉ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እኔ ያደነቅሁት «አንዳች ነገር ያልተንጠለጠለበት» ጠርዝ እንግዲህ ይኸው ነው።

አሸንዳው በንድፉ ላይ አልነበረም። የአርክቴክቱ ሐሳብ ከጣራው የሚወርደው ውሃ በግድግዳው ግርጌ በተነጠፈ ጠጠር ላይ አርፎ ወደ መሬት እንዲሰርግ ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። በመጀመሪያው ክረምት ግን ውሃው ጠጠሩን በትኖ አፈሩን ቦረቦረው። ጭቃው እየተፈናጠረ ግድግዳውን አበላሸው፤ ርጥበቱ ወደ ሦስት ክፍሎች ዘልቆ ፍራሾች ሻገቱ። ወይዘሮዋ ቆርቆሮ ሠሪ አስጠርተው አሸንዳ አሰቀሉ፤ ውሃውን ወደ በርሜል አስወረዱት። ከዚያ በርሜል የጓሮው ጎመን ይጠጣል፣ አንሶላ ይታጠባል። ፎቶግራፍ አንሺው ከሄደ በኋላ አሸንዳውን እንደገና ያሰቀሉትም በራሳቸው ገንዘብ ነው።

ቤቱ ለመጨረሻው ዙር ከታጩት አንዱ ሆነ እንጂ አልተሸለመም። የምስክር ወረቀት መጣ። በወረቀቱ ላይ የቤቱና የአርክቴክቱ ስም ሰፍሯል፤ የባለቤቶቹ ስም የለም። ፎቶግራፎቹ ግን ብዙ ቦታ ታተሙ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ቤቱን ሳይሆን ፎቶግራፉን ፈልጎ የሚመጣ ሆነ። አጎበሩን አይቶ ፊቱን የሚያጨማድድ፣ «ይኼ ቆርቆሮ ፎቶው ላይ አልነበረም» ብሎ የሚጠይቅ በዛ። በዚህ ላይ አርክቴክቱ ቤቱን ለሌላ ውድድር ሊያቀርበው አስቦ ስለነበር፣ በሐይቁ በኩል ባሉት መስኮቶች መጋረጃ እንዳይሰቅሉ ለምኗቸው ነበር። መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ ከቀትር በኋላ ክፍሎቹ እንደ ምጣድ ይግላሉ። ስለ ልጁ ብለው ሰባት ወር ያለ መጋረጃ ቆዩ። ከዚያ ወይዘሮዋ አቡጄዲ ገዝተው ሰፉ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን፣ ዝናቡ በአሸንዳው ውስጥ እየተንኳኳ ሲወርድ ነው። ወይዘሮዋ የእኔ ጽሑፍ ያለበትን መጽሔት በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውት ኖሮ አመጡት። ያንን ስለ ጣራው ጠርዝ የሚያወራውን አንቀጽ በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያም ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ግን ጽሑፍህ ውስጥ ዝናብ የለም» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ የዘገየ መልሴ ነው።

*

መምህሩ በዚያው ቀን ያነሱት ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ለተማሪዎቻቸው የዓረፍተ ነገርን ባለቤት ሲያስተምሩ፣ «ማን አደረገው? ብላችሁ ጠይቁ» ይሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያም በግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የምስክር ወረቀት እያዩ ፈገግ አሉ።

በእርግጥም «ባለቤት» የሚለው ቃላችን ብዙ ሸክም አለበት። የቤት ጌታና እመቤት ባለቤት ናቸው። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ባለቤት ናቸው። በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው፣ ማሰሪያ አንቀጹ የሚከተለው ስም ባለቤት ይባላል፤ ድርጊቱ የሚያርፍበት ተሳቢ ነው። በሽልማት መግለጫዎችና በእኛ በሐያስያን ጽሑፎች ውስጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በመምህሩ ዘዴ እንጠይቅ። አርክቴክቱ ብርሃኑን አስገባ፤ አርክቴክቱ ድንጋዩን መረጠ፤ አርክቴክቱ ሕንፃውን ከመልክዓ ምድሩ ጋር አስታረቀ እንላለን። ሕንፃው ተሳቢ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትም ተሳቢም አይደለም። ብዙ ቢባልለት «ለአንድ አሠሪ የተሠራ» ተብሎ በ«ለ» ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ይገባል።

ነገሩ የስም መጠራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ። ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገሩ ሲወጣ ግን አብሮት የሚወጣ ዕውቀት አለ። ይህ በገስት ሐውስ ላይ ከሌላው ሕንፃ ሁሉ የከፋ ነው። በመኖሪያ ቤት ሰው የቤቱን ጉድለት እየለመደው ይሄዳል፤ በሩ ቢንቋረርም ከጊዜ በኋላ አይሰማውም። ወደ ገስት ሐውስ ግን በየቀኑ ያልለመደ ሰው ይመጣል። በየማለዳው የማታውን እንግዳ ቅሬታ የሚሰማ፣ አዛውንት የሚሰናከሉበትን ደረጃ፣ ልጅ የያዘ ቤተሰብ የሚሸሸውን ክፍል፣ አንዴ ያደረ ሰው መልሶ የሚጠይቀውን አልጋ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ባለቤቱ ነው። ገስት ሐውስ በአንድ ዓመት ውስጥ በብዙ ሰው ገላ የሚፈተን ሕንፃ ነው፤ የፈተናው ውጤት ያለው ደግሞ ባለቤቱ ዘንድ ነው። ይህን ሳይጠይቁ መፍረድ ዋናው ምስክር በር ላይ ቆሞ ሳለ ችሎት መዝጋት ነው።

*

ሽልማቶች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ መመስከር ይገባኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፎቶግራፍና በጽሑፍ ብቻ የሚፈርዱ አሉ። ቦታው ድረስ የሚሄዱም አሉ። የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የሚሰጠው የስተርሊንግ ሽልማት ዳኞች ለመጨረሻ የታጩትን ሕንፃዎች ሄደው ያያሉ። በ1977 የተመሠረተው የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ደግሞ በየሦስት ዓመቱ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚታጨው ሕንፃ ቢያንስ አንድ ዓመት አገልግሎት የሰጠ መሆን አለበት። ባለሙያዎችም ቦታው ድረስ ተልከው መርምረው ለዳኞቹ ያስረዳሉ። አንድ ዓመት ማለት አንድ ክረምት ማለት ነው። ክረምት ያለፈበትን ቤት ሰው በአካል ሄዶ ሲጠይቅበት አሸንዳ መደበቅ ይከብዳል።

እንግዳ ማረፊያ ሆኖ ትልቅ ሽልማት ያገኘ ሕንፃ ካስፈለገ አስትሊ ካስልን ማየት ነው። በእንግሊዝ አገር በዎሪክሺር የሚገኝ፣ ዙሪያውን በውሃ ቦይ የተከበበ ጥንታዊ ምሽግ ቤት ነው። በኋለኛው ዘመን ሆቴል ሆኖ ሲያገለግል በ1978 በእሳት ጋይቶ ለብዙ ዓመት ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። ያነሣው ላንድማርክ ትረስት የተባለ በ1965 የተመሠረተ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የድርጅቱ ሥራ ሊጠፉ የተቃረቡ ታሪካዊ ቤቶችን አድሶ ለአጭር ጊዜ እንግዶች እያከራየ በሕይወት ማቆየት ነው። ዊዘርፎርድ ዋትሰን ማን የተባሉት አርክቴክቶች ቤቱን እንደ ጥንቱ መልሰው አልገነቡትም፤ ፍርስራሽ አድርገውም አልተዉትም። በቆሙት አሮጌ ግድግዳዎች መካከል በጡብና በእንጨት አዲስ ቤት አስገቡ። መኝታውን ምድር ቤት አድርገው ሳሎኑን ወደ ላይ አወጡት፤ ከፍርስራሹም ጣራ የሌለው ግቢ አስቀሩ። ስምንት ሰው የሚያሳድረው ቤት በ2012 ተከፈተ፤ በ2013 የስተርሊንግን ሽልማት አገኘ።

በዚህ ሥራ ውስጥ «ማን አደረገው?» ብንል መልሱ አንድ ስም አይሆንም። ግድግዳውን ያገጣጠሙት አርክቴክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ፍርስራሹ ሙዚየም ሳይሆን ሰው የሚያድርበት ቤት እንዲሆን የወሰነው፣ ለውድድር ጠርቶ ጥያቄውን ያቀረበው ባለአደራው ድርጅት ነው። ቤቱን ቤት ያደረገው ይህ ውሳኔ ነው። ድርጅቱ በቤቶቹ ውስጥ ቴሌቪዥን አያስገባም፤ እንግዶች ያዩትንና የተሰማቸውን የሚጽፉበት መዝገብ ግን ያስቀምጣል። እኔ ያ መዝገብ የሂስ ሥራ ነው እላለሁ። የሚጽፈው ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት አድሮበታልና፣ እኔ አሥራ ሁለቱን ፎቶግራፎች ይዤ ከጻፍኩት በላይ የመታመን መብት አለው።

ላንድማርክ ትረስት ስሙ አልተረሳም። ለምን ቢባል የታወቀ ድርጅት ነው፤ አፍ አለው። የእኔ መምህርና ወይዘሮ ግን አፍ የላቸውም። የብሪታንያው ተቋም ከ1998 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ አሠሪ የሚሰጠው ለብቻው የሆነ ሽልማት አለ፤ ይህም በጎ ነገር ነው። ሆኖም ባለቤቱን ከዋናው ዓረፍተ ነገር አውጥቶ የራሱን አጭር ዓረፍተ ነገር እንደ መስጠት ይመስለኛል።

ዋናውን ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል የሞከሩ ሰዎች ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይተውታል። በ2001 የአጋ ካንን ሽልማት ካገኙት መካከል አንዱ በማሌዢያ ላንግካዊ ደሴት ያለው ዳታይ የተባለው የቅንጦት ሆቴል ነው። የአርክቴክቱ የኬሪ ሂል ስም ከሥራው ጋር ተነሣ፤ የማን ነው ብሎ የተጨቃጨቀ አልተሰማም። በዚያው ዓመት በህንድ ራጃስታን፣ በቲሎኒያ መንደር ያለው ቤርፉት ኮሌጅም ተሸለመ። «ቤርፉት» ማለት ባዶ እግር ማለት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ሽልማቱ ፊደል ያልቆጠሩ የመንደር ግንበኞች ራሳቸው ያቆሙትን ግቢ ይመለከት ነበር። የጣራውን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ ከግቢው ጥበቦች አንዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግቢውን የነደፈው ማነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ በሥራው የተሳተፈ የተማረ አርክቴክት ድርሻም መጠቀስ አለበት ተባለ። ኮሌጁ በ2002 ሽልማቱን መለሰ።

በዚህ ክርክር ማን እንደተበደለ እኔ አልፈርድም። የማየው ግን አንድ ነገር ነው። ሽልማት አንድ ባለቤት ይፈልጋል፤ ቤት ግን ብዙ ባለቤት አለው። አማርኛችን ለዚህ አይቸገርም። «ሠራው» የሚለውን «ሠሩት» ብሎ ሁሉንም በአንድ ግሥ ውስጥ ያስገባቸዋል። የሚቸገረው የምስክር ወረቀቱ ነው።

በቅርቡ፣ በ2025፣ ይኸው የአጋ ካን ሽልማት ወደ «ሠሩት» የተጠጋ ይመስላል። ከተሸለሙት አንዱ በኢራን ሆርሙዝ ደሴት ላይ ያለው ማጃራ የተባለው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ናደር ኻሊሊ በተባለው አርክቴክት ዘዴ፣ በአፈር የተሞሉ ጆንያዎች እየተደራረቡ የተሠሩ ወደ 200 የሚጠጉ ጉልላቶች ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለማቸው ነው። ሽልማቱ ግን ማረፊያውን ከደሴቲቱ ነዋሪዎች ኑሮ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ነው የጠቀሰው፤ ግንባታው የደሴቲቱን ሰዎች አሠልጥኖ ያሠራ ነበርና። ከቀለሙ አልፎ ማን ቆፈረ፣ ማን ተቀጠረ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ለዳኞችም የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው።

*

ያ ወጣት አርክቴክት ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቃለሁ፤ ሊባልም የሚገባው ነገር ነው። ባለቤት ሁሉ ብልህ አይደለም። በከተሞቻችን ስንት ጥሩ የድንጋይ ፊት በመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ተሸፍኗል? ስንቱ በረንዳ በአሉሚኒየምና በሰማያዊ መስተዋት ታሽጓል? አርክቴክት ከባለቤት ጋር ሲታገል ብዙ ጊዜ የሚታገለው ለቤቱ ነው። ሽልማት ደግሞ ደጋፊ ለሌለው ወጣት ባለሙያ ስሙን የሚያሰማበት መንገድ ነው፤ ባለቤቱም ቤቱን ከማበላሸቱ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

አንድ ሌላ እውነት ደግሞ እኔ ልጨምርለት። የወይዘሮዋ አሸንዳ ቆንጆ አይደለም። ቆርቆሮው ዝጓል፤ አንዱ መጋጠሚያ በሽቦ የታሰረ ነው። ነገር ግን ቆንጆ ያልሆነው ማንም ስላላሰበበት ነው። አርክቴክቱ በክረምት መጥቶ ቢያየው፣ ከወይዘሮዋ ጋር ቁጭ ብሎ ቢነጋገር፣ ለዚያ ጣራ የሚመጥን አሸንዳ መንደፍ የሚያቅተው ሰው አልነበረም። መስኮቱን ሳያጠብ ከሰዓቱን ፀሐይ የሚመልስ ነገር ማበጀትም አያቅተውም። እኔም በጽሑፌ «ውሃው የት ይሄዳል?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ያስብበት ነበር። እኔ ግን አጨበጨብኩለት። የጎደለውን ነቅለን በስቱኮ ደፍነን አሞገስነው። እንዲህ ስናደርግ የበደልነው ባለቤቶቹን ብቻ አይደለም፤ አርክቴክቱንም ትምህርቱን ነፈግነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነደፈው ሌላ ቤትም ላይ አሸንዳ የለም።

ባለቤቱን የማይረሳ ቤት ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ሐረር ጀጎል አለችልን። ከዝናዋ አንዱ የቤቶቿ የውስጥ አሠራር ነው፤ ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ። ወደ ሐረሪ ቤት የገባ ሰው በቀይ አፈር የተቀባውንና ነደባ የሚባለውን ደረጃ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ያያል። እያንዳንዱ ነደባ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ቦታ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ በሩ ያያል፣ የሚገባውን ይቀበላል። የግንበኛው ስም የትም አልተጻፈም፤ የባለቤቱ ቦታ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ተገንብቷል። እንግዳም የሚስተናገደው ባለቤት ባለበት ቤት ነው። የሽልማት ፎቶግራፍ ያንን ነደባ ባዶውን ቢያነሳው መልኩን ያገኘዋል፤ ነደባ የሆነበትን ምክንያት ግን አያገኘውም።

እንግዲህ ሽልማት ይቅር አልልም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም ከ1969 ጀምሮ የሚሰጠው አንድ ሽልማት አለ፤ ለውድድር የሚበቃው ከተሠራ ከ25 እስከ 35 ዓመት የሆነው ሕንፃ ነው። በ2018 ዳኞቹ የሚሸለም የለም ብለው ዓመቱን አልፈውታል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለገስት ሐውስ ይበዛበት ይሆናል፤ ባለቤቶቹ የባንክ ዕዳ አለባቸው፣ ገበያው ዛሬ ያስፈልጋቸዋል። ቢሆንም ትንሹን ማድረግ ከባድ አይደለም። ዳኛው አንድ ሌሊት ይደር። አርክቴክቱ በሌለበት ባለቤቶቹን «ከገባችሁበት ወዲህ ምን ቀየራችሁ? ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። ፎቶግራፍ አንሺው አጎበሩን አያውርድ። ሐያሲውም፣ ይህን የምለው ለራሴ ነው፣ ያላደረበትን ቤት አያሞግስ።

ከዚያች ከተማ በተመለስኩበት ጠዋት የምስክር ወረቀቱን ቀረብ ብዬ አየሁት። በመስተዋት ፍሬም ገብቶ በእንግዳ መቀበያው ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ከፍሬሙ በታች መምህሩ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ አንድ ወረቀት ለጥፈዋል። የግንበኛው ስም፣ የአናጢው ስም፣ የቆርቆሮ ሠሪው ስም፣ የወይዘሮዋ ስም፣ በመጨረሻም የራሳቸው ስም ተጽፎበታል። የአርክቴክቱንም ስም አልተዉትም፤ ከሁሉ በላይ አስቀምጠውታል። ከስሞቹ ቀጥሎ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «ሠሩት»።

የእኔንም ዓረፍተ ነገር ስለዚህ እንደሚከተለው አርሜዋለሁ። አርክቴክቱ በከፈተው መስኮት ሐይቁ ይታያል፤ ወይዘሮዋ ባሰቀሉት አሸንዳ ዝናቡ ወደ በርሜል ይወርዳል፤ እንግዳውም በደረቅ ፍራሽ ላይ ያድራል።